የቲርዛ አጥር

ካምቦርን፣ ኮርንዋል
ጃንዋሪ 12 ቀን 1987

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ሜርል፣

ይህ ደብዳቤ በጤናና በሰላም እንዲያገኝዎት እመኛለሁ። እናንተ ዘንድ አሁን የሙቀቱ ወራት ነው ይባላልና ፀሐዩ እንዳልጎዳዎት ተስፋ አለኝ። እዚህ ዝናቡ ከገና ወዲህ አላባራም።

አያውቁኝም። ሄድሊ ትሬሎር እባላለሁ፤ አያቶቻችን ወንድማማቾች ናቸው። የእርስዎ አያት ኢላያስና የእኔ አያት ጆሳያ፣ የአገራችን የመዳብ ማውጫ ሲዘጋ በአንድ መርከብ ወደ አውስትራሊያ ሄዱ። የእርስዎ እዚያው ቀረ፣ የእኔ ሦስት ዓመት ድርቅ አይቶ ተመለሰ። አርባ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቤተሰባችንን ታሪክ እሰበስባለሁ። ቁራጭ ወረቀት እንኳ ጥዬ አላውቅም፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች በዚህ ነገር ብዙ ተጨቃጭቀናል።

ከሰበሰብኩት ሁሉ ልቤን የነካው የትንሿ የቲርዛ ነገር ነው። የኢላያስና የኦነር የመጀመሪያ ልጅ፣ የአባትዎ ታላቅ እህት፣ በ1878 በአምስት ዓመቷ በጉሮሮ በሽታ ሞታ እዚያው እርሻችሁ ላይ የተቀበረችው። ሰባኪ አልነበረም፤ አባቷ ራሱ ጸልዮ፣ ራሱ ቆፍሮ ቀበራት። መቶ አስረኛ ዓመቷ እየመጣ ነው። እዚህ ያለን ዘመዶች ተነጋግረን የነሐስ ሰሌዳ ልናሠራላት ወስነናል። ጽሑፉ «ቲርዛ ትሬሎር፣ 1873–1878። በብቸኛ መቃብር ያረፈች የአቅኚዎች ልጅ» ይላል።

ከእርስዎ የምለምነው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

አክባሪ ዘመድዎ
ሄድሊ ትሬሎር

*

ኩላና፣ ደቡብ አውስትራሊያ
ኤፕሪል 2 ቀን 1987

ለአቶ ሄድሊ፣

ሰላምታዎ ደርሶኛል፤ ለእርስዎም እንደዚያው። ደብዳቤዎ ከመጣ ሁለት ወር አልፎታል። መጀመሪያ በጎች ስንሸልት ነበር፣ ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ ተበላሸ፣ ከዚያ ደግሞ መጻፍ አስጠላኝ።

ጤናዬን ጠይቀዋል። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ዳሌዬን ያመኛል። ባሌ ክሌም ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። መሬቱን አሁን የሚያርሰው የእሱ የወንድም ልጅ ኔቪል ነው። እኔ እቆጣጠረዋለሁ፤ መስማቱን እንጃ።

ፎቶው ይኸው። የብረት አጥሩ አጠገብ የቆመው የኔቪል ውሻ ነው፤ ዞር በል ቢባል እምቢ አለ። ከኋላ የሚታየው መንገዱና የደብዳቤ ሳጥናችን ነው።

ሰሌዳ አያስፈልጋትም። ድንጋይ አላት፣ ስሟ ተጽፎበታል። እናንተ ዘንድ ነሐስ ከተረፈ ለጆሳያ አሠሩለት፤ ሦስት ዓመት ድርቅ አይቶ ለፈረጠጠው።

ደግሞ ብቸኛ አይደለችም። ያንን ቃል ከየት አመጡት? ያውጡት።

ሜርል

*

ካምቦርን
ሜይ 5 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ሜርል፣

እንደምን ሰነበቱ? ዳሌዎ እንዴት ሆነ? ባለቤትዎን ነፍስ ይማርልኝ፤ እኔም የቀበርኩ ሰው ነኝና ባዶ ቤት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ፎቶግራፉ ደርሶኝ ደስ ብሎኛል። ስለ አያቴ የጻፉት ግን ከዘመድ የማይጠበቅ ነው። ጆሳያ የተመለሰው ሚስቱ ታማ ነው። አውቀውት ቢሆን እንደዚያ አይሉም ነበር ብዬ አልፌዋለሁ።

«ብቸኛ መቃብር» የሚለውን እኔ አልፈጠርኩትም። አገራችሁ ውስጥ ከመቃብር ቦታ ውጭ፣ በየሜዳውና በየእርሻው የተቀበሩትን የሚመዘግብ ማኅበር አለ፤ ሁሉንም በዚህ ስም ነው የሚጠራቸው። ጻፍኩላቸው፣ ጉዳዩን በደስታ ተቀብለውታል። ቃሉ አንድ ማሳ መካከል ብቻዋን ለተኛች ሕፃን የማይሆን ከሆነ ለማን ሊሆን ነው?

አሁን የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው። የአጥሩን ወርድና ቁመት ለክተው ይላኩልኝ፣ የሰሌዳው መሠረት በዚያ ልክ ይሠራል። ከመቃብሩም አንድ እፍኝ አፈር በፖስታ ቢልኩልኝ እዚህ በቤተ ክርስቲያናችን እናኖረዋለን።

ባለፈው ሳልነግርዎት የቀረ ነገርም አለ። ኦነር ልጇ በሞተች ሰሞን ለእህቷ የጻፈችው ደብዳቤ እኔ ጋ ነው። በራሷ እጅ። መቃብሩን በደንብ ትገልጸዋለች።

አክባሪዎ
ሄድሊ ትሬሎር

*

ኩላና
ኦገስት 20 ቀን 1987

ሄድሊ፣

አንተ ብዬሃለሁ፤ በሦስት ዓመት እበልጥሃለሁና አይክፋህ። ዕድሜህን የነገረኝ ማኅበርተኛህ ነው። ሳላውቀው፣ ሳልፈልገው፣ አንድ እሁድ ከረባት አስሮ መጥቶ በሬን አንኳኳ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት። ማሳው ውስጥ ግን አላስገባሁትም፤ እርጥብ ነው አልኩት። እርጥብ አልነበረም።

አፈር አልልክም። በ1944 በነበረው አቧራ የዚህ እርሻ አፈር ግማሹ በነፋስ ባሕሩን ተሻግሮ ኒውዚላንድ ገብቷል። ከዚያ ጠይቅ።

አጥሩንም አልለካም። መሠረት የሚባል ነገር አይቆፈርም። ክሌም በሕይወት ሳለ እዚያ ማሳ ላይ አካፋ ይዞ የሚገባ ሰው አልነበረም፤ እኔም በሕይወት ሳለሁ አይኖርም። ይህን ስነግርህ ሁለተኛዬ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አንተ ደግሞ ሁለቱም ተገናኝተውብሃል።

ቃሉን አውጥተኸዋል? እሱን ብቻ መልስልኝ።

ሜርል

*

ካምቦርን
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1987

ለወይዘሮ ሜርል፣

ሞኝ ከተባልኩ ዘንድ የሞኝን ሥራ ልሥራ ብዬ የኦነርን ደብዳቤ አውጥቼ ከፎቶግራፉ ጋር አስተያየሁት። እንዲህ ትላለች፦

«ከውሃ ጉድጓዱ ወደ ፀሐይ መውጫ መቶ አስር እርምጃ ነው። ኢላያስ ሁለት ጊዜ ቆጥሮታል። ሊጥ ሳቦካ ከማድቤት በር ላይ ሆኜ አያታለሁ። ሌላው ሁሉ ቢቀር እዚህ አገር የሚያስቀምጠኝ ይኼ ነው።»

የአገራችሁን የመሬት ካርታ አስልኬ ጉድጓዱን አገኘሁት። በፎቶግራፉ ላይ ያለው አጥር ግን ከጉድጓዱ ወደ ፀሐይ መግቢያ፣ ያውም ከመንገዱ ዳር፣ ግማሽ ማይል ያህል ርቆ ነው ያለው። ከማድቤቱ በር አይታይም። ከደብዳቤ ሳጥኑ ጎን ነው ያለው።

አንድ ሰው ያንን አጥር ነቅሎ አዛውሮታል፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ፎቶውን ስትልኪልኝ እያወቅሽ ነው የላክሽልኝ። እኔና ዘመዶቼ ነሐስ አስቀርጸን ባዶ መሬት ላይ እንድንተክል ልትተዪን ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለውን እኔ ላይ ልትፈጽሚው ነው። የሞተ ሕፃን ስም ይዞ እንዲህ መቀለድ ከየት የመጣ ጭካኔ ነው?

መልስ እጠብቃለሁ።

ሄድሊ ትሬሎር

*

ኩላና
ዲሴምበር 9 ቀን 1987

ሄድሊ፣

መከር ላይ ነን። አጭር ነው።

አዎ፣ አባቴ አጥሩን አዛወረው። በ1938 ነው፣ እኔም ቆሜ አይቻለሁ። አጥሩንና ድንጋዩን እንጂ ልጅቷን አልነካትም። እሷ ያለችበት አለች። የት እንደሆነ ማወቅ ያለበት ሰው ያውቃል።

ፎቶ ላኪ አልከኝ፣ አጥሩን ላክሁልህ። ሰሌዳ ልትከል አልከኝ፣ አትትከል አልኩህ። ማን ነው የቀለደው? ሰው ልተወው ሲል አንተ ነህ የምትጎትተው።

የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል። ጎረቤቶቼ ሃምሳ ዓመት ያህል በዚያ መንገድ ሲያልፉ አንድ ቀን አልጠየቁኝም። በቃህ።

ሜርል

*

ካምቦርን
ጃንዋሪ 18 ቀን 1988

ለሜርል፣

በቃህ ስትይኝ ነው ያልበቃኝ።

አባትሽ ማንንም ሳያስፈቅድ የገዛ እህቱን ምልክት ነቀለ። አንቺ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሸፈንሽለት። እኔ ይህን ማዳፈን አልችልም። ታሪክ የአንቺ የግል ጓሮ አይደለም፤ ኦነር የእኔም አያት ወንድም ሚስት ናት፣ ልጅቷም የእኔም ደም ናት።

ጉዳዩን ለማኅበሩ አስረድቻለሁ። ጸሐፊያቸው ኔቪልን ከተማ አግኝቶት ነበር። ኔቪል ክፋት የለበትም፣ የሚያውቀውን ተናገረ፦ «ከጉድጓዱ ምሥራቅ አጎቴ ማረሻውን አንሳ ያለኝ ቦታ አለ፤ ሰባት እርምጃ፣ ከዚያ መልሼ እጥለዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አነሳለሁ።» ርቀቱ ከኦነር ቁጥር ጋር አንድ ነው።

እንግዲህ ቦታው ታውቋል። ማኅበሩ ከወረዳው ፈቃድ ወስዷል። ኤፕሪል 11 ቀን፣ ዘር ሳይዘራ፣ ከመሬት በታች የተቆፈረውንና ያልተቆፈረውን የሚለይ መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ። ከተረጋገጠ በኋላ ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሰሌዳውም እዚያ ይተከላል፣ ሰው ሁሉ የሚገባበት መንገድም ይከፈታል። በሩን ብትቆልፊ በሕግ ይከፈታል።

«ብቸኛ» የሚለው ቃል እንዳለ ነው። ከዚህ በኋላ ምክንያት ሳትነግሪኝ አንድ ፊደል አላወጣም።

ሄድሊ ትሬሎር

*

ኩላና
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1988

ሄድሊ፣

ሰላምታ የለኝም። ይህን የምጽፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኔቪል አያውቀውም፤ ማንም አያውቀውም።

አባቴ በ1938 የመጀመሪያ ትራክተሩን ገዛ። በፈረስ ስናርስ አጥሩን መዞር ቀላል ነበር፣ ፈረሶቹ ራሳቸው መንገዱን ያውቁታል። ትራክተሩ ግን ሰፊ ማረሻ ይጎትታል፤ አጥሩን በዞረ ቁጥር ብዙ መሬት ሳይታረስ ይቀርበታል። አንድ ጠዋት ሁሉንም ነቅሎ በጋሪ ጭኖ መንገድ ዳር ተከለው። እናቱ ኦነር ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ብትኖር አይሞክራትም። እናቴ እስከ መከር ድረስ አላነጋገረችውም። እሱም ኋላ አፈረ መሰለኝ፣ ማረሻው ቲርዛን እንዳይነካ ሥርዓት አወጣ። ከጉድጓዱ መቶ አስር እርምጃ፣ ገመዱን ሳብ፣ ማረሻው ይነሳ፣ አራት እርምጃ፣ ልቀቅ። ክሌም ሲያገባኝ አባቴ መጀመሪያ ያስተማረው ይህንን ነው። አራት እርምጃ።

በ1949 ወንድ ልጅ ወለድኩ። ሞቶ ተወለደ። በዚያ ዘመን ለእናት ማሳየት ልማድ አልነበረም። ጠቅልለው ይዘውት ሲወጡ ጀርባቸውን ነው ያየሁት። ነርሷ እርሺው፣ ሌላ ትወልጃለሽ አለችኝ። ሌላ አልወለድኩም። የት አደረጋችሁት ብዬ ጠየቅኩ፣ የመለሰልኝ የለም። ክሌምን ጠየቅኩት፣ ፊቱን አዞረና «ደህና ቦታ ነው» አለኝ። እኔም እሱን ማስለቀስ ስላልፈለግኩ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ስምንት ወር ግን ልጄን የጣሉት እየመሰለኝ አልተኛሁም።

በሚቀጥለው ሜይ እያረሰ ሳለ ምሳውን ይዤለት ወጣሁ። ከጉድጓዱ አጠገብ ቆሜ አየሁት። ቲርዛ ጋ ሲደርስ ገመዱን ሳበ። አራት ቆጠርኩ። አልለቀቀም። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ከዚያ ለቀቀ።

ዞሮ መጣ። ቀዝቃዛ የበግ ሥጋ በዳቦ ነበር የያዝኩለት፣ ሰጠሁት፣ በላ። ጎማው ላይ ተደግፈን አብረን ተቀመጥን። አየሁህ አላልኩትም። ማየቴን ግን አውቋል፤ እጄን ይዞ በልቶ እስኪጨርስ ድረስ አልለቀቀኝም። ያን ሌሊት ተኛሁ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ሠላሳ አንድ ዘር ዘርቷል፤ አንድ እርምጃ አጉድሎ አያውቅም። ለኔቪልም ሰባት ብሎ አስተማረው።

እንግዲህ መሣሪያችሁ ሁለት ያገኛል። ከዚያ ያልተመዘገበ ሬሳ ይባላል። ያወጡታል፣ ቁጥር ይሰጡታል፣ ከተማ ወስደው ያኖሩታል፣ ጋዜጣም ይጽፈዋል። እኔ ልጄን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ያለኝ ያ መሬት ነው።

ቲርዛም ብቻዋን አይደለችም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ቃሉን አውጣ ያልኩህ ለዚህ ነው።

ምክንያት ንገሪኝ አልክ፤ ነገርኩህ። አሁን የፈለግከውን አድርግ።

ሜርል

*

ካምቦርን
ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1988

ሜርል፣

ሰላምታ የለኝም ስላልሽ እኔም አላስቀድምም።

ደብዳቤሽን ባነበብኩበት ቀን ለማኅበሩ ጻፍኩ። የኦነርን ጽሑፍ አሳስቼ አንብቤ ነበር፣ ፀሐይ መግቢያ የሚለውን መውጫ ብዬው ነው፣ የእርምጃውንም ቁጥር ተሳስቻለሁ፣ መቃብሩ ዛሬ አጥሩ ባለበት ነው፣ ማረሻው የሚነሳው ከሥሩ ቋጥኝ ስላለ ነው ብያቸዋለሁ። እነሱም መሣሪያው ለሌላ ቦታ ይፈለጋል ብለው የአንቺን ቀን ሰርዘውታል። አርባ ዓመት ልጆችን ስለ ሐቅ ሳስተምር ኖሬ በስልሳ ስድስት ዓመቴ ውሸት ጽፌ ፈረምኩ። ይጸጽተኛል ብዬ ነበር፤ እስካሁን አልጸጸተኝም።

እዚህ ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ያንቺ ደብዳቤ ነው፤ እኔ ዘንድ መቀመጥ የለበትም። ሌላው የኦነር ነው፣ ዋናው፣ በእጇ የጻፈችው። ቅጂ አላስቀረሁም። የት እንዳለች የሚናገር ሌላ ጽሑፍ የለምና ብታቃጥይውም ያንቺ ነው።

ሰሌዳውን ግን ማስቀረት አልቻልኩም፤ ማኅበሩ ቀኑን ቆርጧል። መንገድ ዳር አጥሩ ውስጥ ይተከላል። ቃሉን አስወጥቼዋለሁ።

ስለ አባትሽና ስለ አንቺ የጻፍኩትን ይቅር በይኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፣ ተውኩት።

ሄድሊ

*

ኩላና
ኦክቶበር 30 ቀን 1988

ሄድሊ፣

ወረቀቶቹ በማርች ደርሰውኛል። የእኔን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። የኦነርን አላቃጠልኩትም፤ ሊጥ ሳቦካ አያታለሁ ያለችውን ማቃጠል አልቻልኩም። የኦነር ማድቤት የእኔም ማድቤት ነው።

ሰባት ወር ያልመለስኩልህ ተናድጄብህ ነው። አሁንም አልወድህም። ጆሳያ የተመለሰው ሚስቱ ታማ መሆኑን ግን አላውቅም ነበርና ፈረጠጠ ያልኩትን አንስቻለሁ።

ሰሌዳው ትናንት ተተከለ። አርባ ሰው ያህል መጣ፤ ከከተማ እንኳ በአውቶቡስ የመጡ ነበሩ። ሴቶቹ ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ ጋግረው ነበር፣ ነፋሱ አሸዋ ጨመረበት። ሰባኪው ስለ ትንሿ አቅኚ ረጅም ጸሎት ጸለየ። ከረባታሙ ማኅበርተኛህ አለቀሰ። ኔቪል ኮት ለበሰ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ኮት ያየሁበት በክሌም ቀብር ላይ ነው። ጽሑፉን መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ቲርዛ ትሬሎር፣ 1873–1878። የአቅኚዎች ልጅ።» በቃ። ደህና ነው።

ልትጠይቀኝ ያሰብከውን አውቀዋለሁ። አዎ፣ ስም አለው። አልነግርህም።

ስንዴው ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ወገብ ድረስ ደርሷል፤ ከመንገድ ለሚያይ ሰው ማሳው ሁሉ አንድ ነው። ሰባኪው እንጸልይ ሲል ሰው ሁሉ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ቆመ፣ እኔ ወደ ስንዴው ዞሬ ቆምኩ። የወረዳው አስተዳዳሪ ያረጀሁ መስሎት ቀስ ብሎ ክርኔን ያዘና፣ «ወይዘሮ ሜርል፣ ሰሌዳው በዚህ በኩል ነው» አለኝ።

አውቃለሁ አልኩት፣ አልዞርኩም።

ሜርል